ስለ ቅልጥም አጥንት የተደረገ ንግግር



ቅልጥም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መቅኔውን ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ራሳችን ቅልጥም ነው። በርዝመት ከጭን አጥንት ቀጥሎ ሁለተኛ ሲሆን፣ የሰውነታችንን ክብደት ከጉልበት ተቀብሎ ወደ ቁርጭምጭሚት ያወርዳል፤ በጎኑ ያለው ቀጭን አጥንት ረዳቱ ነው። በ1966 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘው የጉልበት መጋጠሚያ፣ የጥንት ዘመዶቻችን ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቀጥ ብለው ይራመዱ እንደ ነበር የመሰከረው በጭንና በቅልጥም አጥንት ነው።

በ2006 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስና ጫማ የሚሠሩ እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ማለዳ የሚገሰግሱትም በዚሁ አጥንት ነው። ነገር ግን ቅልጥም ከፊት በኩል ከቆዳ በቀር መከታ የለውም፤ ሲሰበር ቆዳውን ቀዶ ሊወጣ ይችላል። ታችኛው ክፍሉም የሚደርሰው ደም አነስተኛ ስለ ሆነ ለመዳን ይዘገያል።

ወጌሻን አንንቅም። ሆኖም ቀርክሃው ከልክ በላይ ከጠበቀ ደም ይቋረጣል፤ ነገሩም እግር እስከ መቁረጥ ይደርሳል። ሕመሙ ከበረታ፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ እስራቱ ወዲያው ይላላ፤ ታማሚውም ሐኪም ቤት ይድረስ። አጥንቱ ቆዳ ቀዶ ከወጣ ግን መንገዱ በቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ይህን በየሰፈራችን እናስተምር፤ የተማረ ሰው ዕዳው ይህ ነውና።