ጉድለቱን የማይሰውር ሞዴል



እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ቮልትን ወደ ቍጥር ስለሚለውጥ አንድ ትንሽ መሣሪያ ልንነግራችሁ ወደናል።

ድሬዳዋ ሞቃት አገር መሆኗን ሁላችንም እናውቃለን። አብዛኛው ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መጠበቅ አለበት። ኤልኤም 35 የሚባለው የሙቀት መለኪያ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 10 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ መለወጫውም ይህን ቍጥር ያደርገዋል። ቍጥሩ ከ8 ሲያልፍ ደወል ይጮኻል።

መሐንዲሶች ዕቃውን ከመሥራታቸው በፊት በኮምፒውተር ይሞክሩታል። እያንዳንዱን ትራንዚስተር ቢያሰሉ ሥራው እጅግ ይረዝማልና፥ ምን ያህል ቮልት ሲገባ የትኛው ቍጥር እንደሚወጣ ብቻ ይጽፋሉ። ይህም የጠባይ ሞዴል ነው።

ነገር ግን ማሳጠር ሌላ፥ መሰወር ሌላ ነው። ባለ 8 ቢት መለወጫ 5 ቮልትን በ256 ደረጃ ይከፍላል፤ አንዱ ደረጃ 2 ዲግሪ ያህል ነው። ከደረጃው የተረፈውን ስለሚጥል፥ ማቀዝቀዣው 9 ዲግሪ ሲደርስ እርሱ 7.8 ይላል፤ ደወሉም ዝም ይላል። ሞዴሉ ደረጃዎቹን ከተወ፥ በኮምፒውተር ላይ ደወሉ ይጮኻል፤ መሐንዲሱም ደኅና ነው ብሎ ያልፋል። ደረጃዎቹ ከተጻፉ ግን ጉድለቱ አስቀድሞ ይታያል። መፍትሔውም ባለ 10 ቢት መለወጫ ነው፤ በ1,024 ደረጃ ስለሚከፍል ለዚያው ሙቀት 8.8 ይላል፤ ደወሉም ይጮኻል።

ከመካከላችን ነገ መሐንዲስ የሚሆን ቢኖር፥ ዕቃው የሚችለውን ብቻ ሳይሆን የማይችለውንም ይጻፍ። በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለው የሕፃናት ጤና ነውና።