ምኞትና ውለታ

በመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጕዳይ፥ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ “ታላላቅ ተስፋዎች” ብሎ በሰየመው ልብ ወለድ ውስጥ ምኞት የሠራውን ሥራ ለመመርመር ነው። መጽሐፉ በየሳምንቱ በሚወጣ መጽሔት ላይ በተከታታይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1860 እና በ1861 ዓ.ም. ነው።

ፒፕ የሚባለው ድኻ አደግ ልጅ የሚያድገው በእኅቱ ባል በጆ ጋርጀሪ ቤት ነው። ጆ ብረት ቀጥቅጦ የሚኖር ባለ እጅ ነው፤ ትምህርት አላገኘም፤ ነገር ግን ልጁን ከልቡ ይወደዋል። ፒፕም የጆን ሙያ ለመውረስ ያስብ ነበር። አንድ ቀን ግን ወይዘሪት ሀቪሻም ወደምትባል ባለጠጋ ቤት ተጠርቶ ቢሄድ፥ ኤስቴላ የምትባል ውብ ልጅ በሻካራ እጁና በወፍራም ጫማው ሳቀችበት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፒፕ “ጨዋ” ሰው ለመኾን ተመኘ።

እንግዲህ ይህን ልብ በሉ። የፒፕ ምኞት የተወለደው ዕውቀትን ከመውደድ ሳይኾን ከኀፍረት ነው። መጀመሪያ በእጁ ዐፈረ፤ በኋላም ባሳደገው ሰው ዐፈረ። ስሙን የሰወረ ለጋስ ገንዘብ ሰጥቶት ሎንዶን ከገባ በኋላ፥ ጆ ሊጠይቀው እንደሚመጣ በሰማ ጊዜ፥ ገንዘብ ከፍሎም ቢኾን ሊያስቀረው በወደደ ነበር። “ወርቅ ላበደረ ጠጠር” ማለት ይህ ነው። ጆም ነገሩ ገብቶት፥ በክንዱ ታቅፎ ያሳደገውን ልጅ “ጌታዬ” እያለ ያነጋግረው ጀመር።

ፒፕ ለጋሷ ወይዘሪት ሀቪሻም ትመስለው ነበር። በሃያ ሦስት ዓመቱ ግን እውነቱ ተገለጠ። ሰጪው ማግዊች የተባለ ወንጀለኛ ነው። ከእስር አምልጦ በተራበ ጊዜ ሕፃኑ ፒፕ ምግብና ሞረድ አምጥቶለት ነበርና፥ ያንን ውለታ አልረሳም። ወደ አውስትራልያ ተግዞ በግ እያረባ ባፈራው ሀብት ፒፕን ጨዋ ሊያደርገው ቈረጠ፤ ቢመለስ በሞት እንደሚቀጣ እያወቀም ሊያየው መጣ። ፒፕ የናቀው የሻካራ እጅ ድካም፥ ነጭ ሸሚዙን የገዛለት ገንዘብ ኾኖ ተገኘ!

በመጽሐፉ ውስጥ የሚመኘው ፒፕ ብቻ አይደለም። በሠርጓ ቀን የተከዳችው ወይዘሪት ሀቪሻም ኤስቴላን ያሳደገቻት የወንዶችን ልብ እንድትሰብርላት ነው። ማግዊችም ቢኾን “የሠራሁት ጨዋ” እያለ ሊኰራበት ይሻ ነበር። አንዱ በፍቅር፥ አንዷ በበቀል፥ ኹለቱም ምኞታቸውን በልጅ ትከሻ ላይ ጫኑት። ይህ፥ በትሕትና ለመናገር፥ ለወላጆችም የሚያሳስብ ነገር ነው።

ታዲያ ምኞት ክፉ ነውን? አይደለም። ማግዊች ተይዞ ሞት ተፈረደበት፤ በወህኒም ሳለ ሞተ፤ ሀብቱ ለመንግሥት ተወረሰ። ፒፕም ባለዕዳ ኾኖ በጽኑ ታመመ። ያስታመመው ጆ ነው፤ ዕዳውን የከፈለለትም ጆ ነው፤ ከዳነ በኋላም ምስጋና ሳይጠብቅ በማለዳ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ሁሉ ገንዘብ ፍሬ ያፈራው፥ ፒፕ ለጓደኛው ለሄርበርት በስውር የንግድ ሥራ የገዛበት ብቻ ነው። በመጨረሻ ፒፕ እንጀራ ያገኘው በዚሁ የሄርበርት ንግድ ቤት፥ በካይሮ ነው። ለራሱ የተመኘው ሲጠፋ ለሌላው የተመኘው ቀረለት።

ዲከንስ ይህን የጻፈው ኀፍረትን ስለሚያውቀው ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. በ1824 ዓ.ም. አባቱ በዕዳ ሲታሰር፥ እርሱ በ12 ዓመቱ የጫማ ቀለም በሚዘጋጅበት ቤት ወረቀት እየለጠፈ ይሠራ ነበር። ይህንንም ታሪክ ሕዝብ ያወቀው ደራሲው ከሞተ በኋላ ነው።

በአገራችንም ባለ እጅ ሲናቅ ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት በዚህ ምክንያት ነው። ዐዋጅ አፍን ይከለክላል፤ ልብን ግን የሚያርመው ሰውየው ራሱ ነው።

ጓደኞቼ ሆይ! በቅርቡ ከዚህ ግቢ እንወጣለን። ሐኪም፥ መሐንዲስ፥ መምህር ለመኾን እንመኝ፤ ማንም አይከልክለን። ነገር ግን ምኞታችንን በአንድ ጥያቄ እንመዝነው፤ “ይህ ምኞት በማን እንዳፍር ያደርገኛል?” መልሱ አርሶ፥ ፈትላ፥ ነግዶ ያስተማረን ሰው ከኾነ፥ መንገዱን ስተናልና እንመለስ። ከመጽሐፉ ሰዎች ሁሉ እውነተኛው ጨዋ፥ ጨዋ ለመባል ያልተመኘው ጆ ነውና።