የቃጫ ጥንካሬ እንዴት ይመረመራል?



ገመድ ገማጅ ቃጫውን በእጁ ስቦ ደግነቱን ይለያል። አህያ ለመጫንና በሬ ለማሰር ይህ ዕውቀት በቅቶት ኖሯል። ነገር ግን ቃጫው ከሙጫ ወይም ከሲሚንቶ ጋር ተዋሕዶ ለጣሪያ ክዳን በሚውልበት ጊዜ፥ ከሥሩ የሚቀመጠው ሰው ነውና፥ የእጅ ግምት ብቻውን አይበቃም፤ መለካት ግድ ይሆናል።

ሁለት ነገር አዋሕዶ ከሁለቱም የተሻለ ሦስተኛ ነገር ማግኘት ለኢትዮጵያ ገበሬ እንግዳ ጥበብ አይደለም። ግድግዳ የሚመርግ ሰው ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር የሚያቦካው፥ ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ነው። ጭቃው ጭዱን አቅፎ ይይዛል፤ ጭዱም ስንጥቁ እንዳይሰፋ ይከለክላል። የቃጫና የሙጫ ውሕድም ሥርዓቱ ይኸው ነው።

ለዚህ ሥራ ከሚታሰቡት ዕፀዋት አንዱ ሲሳል ነው። የትውልድ ስፍራው ሜክሲኮ ሲሆን፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ሪቻርድ ሂንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ፥ ወደ ታንጋ አስመጣው። ከዚያም ተባዝቶ ታንጋኒካን በዓለም ስመ ጥር አደረጋት፤ በኋላ ግን የፋብሪካ ክር ገበያውን ነጠቀው። በደቡብ ኢትዮጵያም እንሰት ለቆጮ በሚፋቅበት ጊዜ ቃጫው አብሮ ይገኛል። ስለዚህ አዲስ ጥቅም ቢገኝለት ትርፉ ለፋቂዋ እናት ጭምር ነው።

ምርመራው እንደሚከተለው ይፈጸማል። አንድ ዘለላ ቃጫ መካከሉ መስኮት ሆኖ በተቆረጠ ወረቀት ላይ በሙጫ ይለጠፋል። ክቡ ፍጹም ስላልሆነ ውፍረቱ በማይክሮስኮፕ በልዩ ልዩ ቦታ ይለካል። ከዚያም ወረቀቱ በመሣሪያው ላይ ተይዞ ጎንና ጎኑ ይቆረጣል፤ ቃጫውም እስኪበጠስ ድረስ ይሳባል። መሣሪያ በሌለበት ትምህርት ቤት ትንሽ ጣሳ አንጠልጥሎ አሸዋ ቀስ በቀስ መጨመርና የበጠሰውን ክብደት መመዘን ይቻላል። ጉልበቱ ለቃጫው ስፋት ሲካፈል ጥንካሬው ይታወቃል። ለምሳሌ ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር የሆነና በአንድ ሚሊሜትር ካሬ 500 ኒውተን የሚችል ቃጫ የሚበጠሰው በ1.6 ኪሎግራም ገደማ ነው።

ሆኖም ከአንድ ቅጠል የወጡ ሁለት ቃጫዎች እንኳ እኩል አይሆኑም። ግሪፊዝ የተባለው እንግሊዛዊ በ1921 እንዳስረዳው፥ ብርጭቆን የመሰለ ነገር የሚሰበረው በውስጡ ካለ ጥቃቅን ጉድለት ተነሥቶ ነው። ረጅም ቃጫም ብዙ ጉድለት የማግኘት ዕድል ስላለው ከአጭሩ ይልቅ ቶሎ ይበጠሳል። ስለዚህ የቃጫውን ርዝመት ሳይገልጹ ጥንካሬውን ብቻ መናገር አያስተማምንም።

ደግሞም ቃጫ እርጥበት ይጠጣል፤ ስለዚህ የሚመረመሩት ሁሉ በአንድ ዓይነት አየር መቆየት አለባቸው። በኮስቲክ ሶዳ ውሃ በልክ ቢታጠብ ከሙጫ ጋር መያያዙ ይሻላል፤ ከልክ ካለፈ ግን ራሱ ይደክማል። በሲሚንቶ ውስጥ ያለው ኖራም በዘመን ብዛት ይበላዋል። በሌላ በኩል አንድ ሴንቲሜትር ኩብ የብርጭቆ ክር 2.5 ግራም ያህል ሲመዝን፥ ሲሳል 1.45 ገደማ ስለሚመዝን፥ በቀላልነቱ ይመረጣል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ አንበሳውን ከማሰር በፊት የድሩን ልክ ማወቅ ይቀድማል። ሃያ ቃጫ የመረመረ ተማሪ፥ ደካማው ቁጥር አማካዩን ያበላሽብኛል ብሎ ቢሰርዘው፥ ሠንጠረዡ ያምራል፤ ጣሪያው ግን የሚሰነጠቀው በዚያ በተሰረዘው ቃጫ በኩል ነው። እንግዲህ መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረው፥ ጠንካራውንም ደካማውንም ሳይለዩ በሐቅ መጻፍን ነው።