ካርል ኮሪና ባለቤቱ ጌርቲ

በአንድነት ስለ ተመራመሩ ባልና ሚስት ሲወራ የኩሪዎች ስም ቀድሞ ይነሣል። ዛሬ የምናነሣላችሁ ግን ካርል ኮሪንና ባለቤቱን ጌርቲን ነው። ሁለቱም በ1896 ዓ.ም. (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) በፕራግ ከተማ ተወለዱ፤ በሕክምና ትምህርት ቤት ተዋውቀው በ1920 ተጋቡ፤ በ1922 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ።

ጥያቄያቸው ቀላል ይመስላል፤ ስኳር በሰውነታችን ውስጥ ወዴት ይሄዳል? በ1929 መልሱን ገለጡ። ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጠዋል፤ ደም ይህን ተሸክሞ ለጉበት ያደርሳል፤ ጉበትም እንደ ገና ስኳር አድርጎ ለጡንቻ ይመልስለታል።

ድካሙ የጋራ ሲሆን ደመወዙ ግን የጋራ አልነበረም። እንዲያውም ከባልዋ ጋር መሥራትዋ የእርሱን ዕድል እንደሚያበላሽ ለጌርቲ ተነግሯት ነበር። በ1931 ሴንት ሉዊስ ወደሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሲዛወሩ እርሱ ፕሮፌሰርና የክፍሉ ሹም ሆነ፤ እርስዋ ግን በጥቂት ደመወዝ ተራ ተመራማሪ ሆና ተቀጠረች። የደመወዝ መዝገብ የምታውቁት እናንተ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አይጠፋችሁም። ሙሉ ፕሮፌሰርነት ያገኘችው ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1947 ነው። በዚያው ዓመት ሁለቱ ከአርጀንቲናዊው ከበርናርዶ ኡሳይ ጋር የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ደስታው ግን ሙሉ አልነበረም፤ በዚያው በ1947 የአጥንት መቅኔ በሽታ እንደ ያዛት ታወቀ። ዐሥር ዓመት ያህል እየታመመች ሠራች። ጉልበት ሲከዳት ካርል ከቦታ ወደ ቦታ ይሸከማት ነበር፤ በ1957 እስክትሞት ድረስም ምርምርዋን አልተወችም።