ከመተያየት እስከ ሠርግ
(በትምህርት ቤታችን የበዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጋብቻ ለመናገር መነሣታችን ለአንዳንዶቻችሁ ድፍረት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ጉዳዩ የራሳችን ነው። ጥር ወጥቶ የካቲት ሲገባ በየክፍሉ ባዶ ሆነው የሚቀሩ ወንበሮች አሉ። ባለቤቶቻቸው አልታመሙም፤ ትምህርትም አልጠሉም፤ ተድረው ሄደዋል። ስለዚህ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ከመጀመሪያው መተያየት እስከ ሠርጋቸው ቀን የሚሄዱበትን መንገድ ከእናንተ ጋር ለመመልከት ፈለግን።

የአባቶቻችንን መንገድ እናንተ ከእኛ ይልቅ ታውቁታላችሁ። በእነብሴም ሆነ በሌላው የጎጃም አገር፣ አባት ለልጁ ሚስት ሲያስብ አስቀድሞ ዘር ይቆጠራል፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አለመኖሩ ይጣራል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ይላካሉ። የልጂቱም አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ ከዘመድ ልምከር ብሎ ይመልሳቸዋል። ሽማግሌዎቹ ተመላልሰው ነገሩ ሲሰምር ቃል ይታሰራል፤ ከሁለቱም ወገን ለጎጆ መውጫ የሚሰጠው ከብት ይቆጠራል፤ የሠርጉም ቀን ይቆረጣል። ጠላው ይጠመቃል፣ ዳሱ ይጣላል፣ ሙሽራው በሚዜዎቹ ታጅቦ ይመጣል፤ ሰማኒያውም በምስክሮች ፊት ይፈጸማል።

እኛ ይህን መንገድ አንንቀውም። ሁለት ቤተ ዘመድ የቆመለት ጎጆ በትንሽ ጠብ አይፈርስም፤ ባልና ሚስት ሲጋጩ የሚያስታርቅ ሽማግሌ አያጡም። ወላጆችም ልጃቸውን በልጅነቷ የሚድሩት ጠልተዋት ሳይሆን ጠለፋንና የሰው አፍን ስለሚፈሩ መሆኑን እናውቃለን። ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ ምክር መካከል ሳይጠየቁ የሚቀሩ ሁለት ሰዎች አሉ፤ እነርሱም ተጋቢዎቹ ናቸው። በቀድሞው ዘመን ብዙ ሙሽሮች የባላቸውን ፊት መጀመሪያ ያዩት በሠርጋቸው ዕለት ነበር።

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 እንደምናነበው አብርሃም ለልጁ ለይስሐቅ ሚስት እንዲያመጣ ሎሌውን ላከ። ሎሌውም 10 ግመሎች ይዞ ሄደ፤ ርብቃን በውኃው ጕድጓድ አጠገብ አገኛት፤ ከዘመዶቿ ጋር ተነጋገረ፤ ጌጥና ልብስም ሰጠ። ይህ ሁሉ ከአገራችን የሽማግሌ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ነገር ግን መንገድ ሊጀምር በተነሣ ጊዜ ዘመዶቿ ርብቃን ጠርተው ከዚህ ሰው ጋር ለመሄድ ፈቃዷ እንደ ሆነ ጠየቋት፤ እርሷም በገዛ አንደበቷ ፈቀደች። እንግዲህ ልጅን መጠየቅ ከባሕር ማዶ የመጣ አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን ከሚያነቡት መጽሐፍ የተገኘ ነው።

ሳይጠየቅ ሲቀር የሚሆነውን ደግሞ የጎጃሙ ተወላጅ ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው ልብ ወለዳቸው አሳይተውናል። በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ወደ ቤቷ ገባ፤ በትምህርት ተዋወቁ፤ ተዋደዱም። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ግን የዘር ኩራት ይዟቸው ልጃቸው ምን እንደምትሻ አልጠየቁም። እርሷም ቤቷን ጥላ ፍለጋ ወጣች፤ በዛብህን ያገኘችው ግን በሞት አፋፍ ላይ ነበር።

ወደ ራሳችን ቀዬ እንመለስ። የመርጡለ ማርያምን ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ንግሥት እሌኒ የሐድያ ገራድ ልጅ ነበሩ። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሲያገቧቸው ጋብቻው የመንግሥት ጉዳይ፣ የሁለት አገር ማስታረቂያ ነበረ። እሌኒ ግን ማስታረቂያ ብቻ ሆነው አልቀሩም። በ1500 ዓ.ም. ልብነ ድንግል ገና በልጅነታቸው ሲነግሡ መንግሥቱን በጥበብ ይዘው የጠበቁ፣ ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላኩ እርሳቸው ናቸው። የጥንቱ ሕንፃ ፍርስራሽ ዛሬም በግቢው ይታያል። በአጠገቡ ባለፍን ቍጥር፣ ከክፍላችን ተድረው ከሄዱት እኅቶቻችን መካከል እንደ እሌኒ ያለች አስተዋይ ነበረች ይሆን ብለን እናስባለን።

ሕጉም ከመጽሐፉ ጋር ተስማምቷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት ወስኖ ነበር። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና የ1995ቱ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ግን ለሁለቱም 18 ዓመት አድርገውታል፤ የሁለቱም ነጻ ፈቃድ ከሌለ ጋብቻው አይጸናም። ያለ ዕድሜ የሚፈጸመውን ጋብቻም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በእስራት ይቀጣል።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው ጥቂት ነው። ሽማግሌው ይላክ፤ ዘሩም ይቆጠር፤ ዳሱም ይጣል። ነገር ግን ልጆቹ አስቀድመው ይተያዩ፣ ይነጋገሩም፤ ልጂቱም ትምህርቷን እስክትጨርስ ሽማግሌው በደጅ ይቈይ፤ ቃል ከመታሰሩ በፊት እንደ ርብቃ ትጠየቅ፤ እንቢ ብትልም እንቢታዋ ይከበርላት። እኛ ወንዶቹ ተማሪዎች ደግሞ በበኩላችን ትምህርቷን ላልፈጸመች ልጅ ሽማግሌ እንዳናስልክ፣ ሳትወድ የተሰጠችንም ልጅ እንዳንቀበል በፊታችሁ ቃል እንገባለን።

በሚመጣው ዓመት ጥር ወጥቶ የካቲት ሲገባ ወንበሮቹ ሁሉ ባለቤቶቻቸውን ይዘው እንዲገኙ እግዚአብሔር ይርዳን።