የማስታወቂያው ሰሌዳ



የዩኒቨርሲቲዎቻችን በር ለአዲስ ተማሪዎች በሚከፈትበት ወራት ወደ አንዱ ግቢ የገባ ሰው አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ነው። የመኝታ ክፍል ድልድልና የትምህርት ሰዓት ከተለጠፈበት ወረቀት አጠገብ ሌሎች ብዙ ወረቀቶች ይታያሉ። አንዱ ለአዲስ ገቢዎች የሚደረገውን የእንኳን ደኅና መጣችሁ ዝግጅት ያስታውቃል፤ ሌላው በትምህርት ክፍሎች መካከል ለሚደረገው የእግር ኳስ ግጥሚያ ተጫዋቾችን ይመዘግባል፤ አንዱ የሥነ ጽሑፍ ምሽት አለ ይላል፤ ሌላው ተከራካሪዎችን፥ ሌላውም ደም ለመለገስ ፈቃደኛ የሆኑትን ይጠራል። ከሥሩም ቀኑና አዳራሹ በትልቁ ተጽፎ፥ አንዳንድ ጊዜም ቀኑ ተሰርዞ ሌላ ቀን ተተክቶበት ይገኛል።

ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ስለዚህ ሰሌዳ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታያቸው እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝም አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሴት ልጁ ሩቅ ወደሆነ ዩኒቨርሲቲ ተመድባ ሻንጣዋን በምታዘጋጅበት ሰሞን፥ በሻይ ሰዓት አጠገቤ ተቀምጦ እንዲህ አለኝ፤ «ቃል አስገብቻታለሁ። ከመማሪያ ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፥ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታ። ክበብ የሚባል ነገር፥ ምሽት የሚባል ነገር እንዳልሰማ ብያታለሁ። የላክኋት ለትምህርት ነው።»

ፍርሃቱን አልነቀፍሁበትም። በ2012 ዓ. ም. መጀመሪያ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በተነሣው ጠብ የተማሪዎች ሕይወት እንደ ጠፋ፥ ብዙዎችም ትምህርታቸውን ትተው ወደየቤታቸው እንደ ተመለሱ ሁላችንም እናስታውሳለን። ያን ጊዜ ስልኩን በእጁ ይዞ ሌሊቱን ያላንቀላፋ ወላጅ ዛሬም ቢሰጋ አያስገርምም። ነገር ግን ባልደረባዬ ከፍርሃቱ ተነሥቶ የደረሰበት ውሳኔ ልክ መስሎ አልታየኝም። ምክንያቴን ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገኛል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ. ም. ሥራውን ሲጀምር ተማሪዎቹ በቍጥር ጥቂት ነበሩ። አዳሪዎች ስለ ነበሩም የማታውን ሰዓት የሚያሳልፉት በአንድነት ነበር። በ1950 ዓ. ም. ለሌሎች አፍሪቃውያን ወጣቶች የነጻ ትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ ከተነገረ በኋላ፥ ከኬንያ፥ ከኡጋንዳና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ተማሪዎች ከኢትዮጵያውያኑ ጋር በአንድ ገበታ ይቀመጡ፥ በአንድ አዳራሽም ይከራከሩ ጀመር። ስለ ቅኝ ግዛት በመጽሐፍ ያነበበው የኛ ተማሪ፥ በቅኝ ግዛት ሥር ካደገው ባልንጀራው አፍ ሲሰማው ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘው። የታሪክ ጸሐፊዎችም ለኋለኛው የተማሪዎች ንቅናቄ መነሻ ከሆኑት ነገሮች አንዱ ይህ መገናኘት እንደ ነበረ ይቈጥሩታል።

ከዚያ ዘመን ዝግጅቶች ሁሉ ይልቅ ስሙ የቀረው የኮሌጅ ቀን ነው። በዚያ ቀን ተማሪዎች በግጥም ይወዳደሩ ነበር። በ1953 ዓ. ም. ታምሩ ፈይሳ የተባለው ተማሪ «ድሀው ይናገራል» የሚለውን ግጥሙን ያነበበው ንጉሠ ነገሥቱ ባሉበት ጉባኤ ነው። በጊዜው የድኻውን ኑሮ በዚህ ዓይነት ግልጽነት በአደባባይ መናገር የተለመደ አልነበረም፤ ባለ ሥልጣኖቹንም ቅር አሰኝቷል። እኔ ግን ይህን ነገር ባሰብሁ ቍጥር የሚታየኝ ቅሬታው ሳይሆን፥ ወረቀቱን በእጁ ይዞ የተነሣው ወጣት ነው። የሚሰማው ማን እንደ ሆነ ያውቃል፤ ቃሉን መዝኖ፥ ቤት አስመትቶ፥ እስከ መጨረሻው አነበበ። ይህን ያስተማረው የትኛው የመማሪያ ክፍል ነው? በስብሰባ ላይ አስተያየት ስጡ ስንባል ዓይናችንን ወደ ጠረጴዛው የምንጥል እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ለጥያቄው መልስ ለመስጠት አንቸገርም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ዩኒቨርሲቲው በ1954 ዓ. ም. በስድስት ኪሎው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተቋቋመ በኋላ፥ በግቢው የኪነ ጥበባት ማዕከል ተከፈተ። በ1955 ዓ. ም. ገደማም ሐሊም ኤል ዳብ የተባለው ትውልደ ግብጻዊ የሙዚቃ ደራሲ ከልዩ ልዩ ክፍለ ሀገር የመጡ የባህል ሙዚቀኞችን በአንድነት አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ማሲንቆ የሚመታው አዝማሪ ለብቻው ማቀንቀን የለመደ ነው፤ ዋሽንት ነፊውም እረኛ ሆኖ በሜዳ ብቻውን የተማረ ነው። ክራሩ፥ ማሲንቆው፥ ዋሽንቱና እምቢልታው በአንድ መድረክ ላይ አንዱ የሌላውን ድምፅ እየጠበቀ እንዲጫወት ማድረግ ቀላል ሥራ አልነበረም። ሠመረ ግን። በአንድ የመኝታ ክፍል ውስጥ ከየአገሩ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቅ ለሚኖሩት ተማሪዎችም የሚያስፈልገው ይኸው ይመስለኛል።

በሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ሁሉ ደግ ነው ማለቴ ግን አይደለም። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ. ም. በዚያው ግቢ በራስ መኰንን አዳራሽ የልብስ ፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ ነበር። ብዙዎቹ ተማሪዎች ትርኢቱን ለድኻ አገር የማይገባ የባዕድ ቅንጦት ነው ብለው ተቃወሙት፤ ነገሩም ከተቃውሞ አልፎ ወደ ስድብና ወደ ውርወራ ደረሰ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። ተቃውሞው ምክንያት አልነበረውም አልልም። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ከሁሉ ይልቅ የተዋረዱት በትርኢቱ የተካፈሉት ሴቶች ተማሪዎች ነበሩ። ሐሳብን መቃወምና ሰውን ማዋረድ የተለያዩ መሆናቸውን መለየት የሚለመደው በክርክር አዳራሽ ነው።

እንግዲህ ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እንደምታደርግ ሁላችንም መገመት እንችላለን። ቋንቋዋን የሚናገሩትን፥ ከከተማዋ የመጡትን ፈልጋ ከነሱ ጋር ትበላለች፤ ከነሱ ጋር ትሄዳለች። ይህ ነውር የለበትም፤ ባይተዋርነት ከባድ ነው። ዳሩ ግን እስከ ምረቃዋ ድረስ በዚሁ ብትቀጥል፥ ክፉ ወሬ በግቢው በተነዛ ጊዜ ከማዶ ስላሉት ልጆች የምታውቀው ወሬው የነገራትን ብቻ ይሆናል። ከመማሪያ ክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፥ ከዚያም ወደ መኝታ የሚለው የአባቷ ትእዛዝ ከዚህ አያድናትም። በትምህርት ክፍል የተመረጠ የኳስ ቡድን ግን የአገር ልጅነትን አይጠይቅም። የክርክር ክበብም ዕጣ አውጥቶ ከማታውቀው ልጅ ጋር አንድ ወገን ያደርጋታል።

ስለዚህ ልጆቻችሁን የምትልኩ ወላጆች፥ በስልክ ስትጠይቋቸው ከውጤቱ ጋር ይህንንም ጨምራችሁ ጠይቁ፤ «በዚህ ሳምንት ከማን ጋር ተዋወቅሽ? አገሩ የት ነው?» ብላችሁ። ክበብ ሁሉ ውስጥ ይግቡ አልልም፤ በአምስት መዝገብ ስሙን አስፍሮ በአንዱም የማይገኝ ተማሪ ሞልቷል። አንዱን መርጦ ዓመቱን ሙሉ በዚያ መጽናት ይበልጣል። የማታ ዝግጅት ሲኖርም የአንድ ክፍል ልጆች አብረው ሄደው አብረው ይመለሱ፤ ፈተና ሲቃረብ ደግሞ ሁሉም ለጊዜው ይቅር።

ይህን ሁሉ ለባልደረባዬ ነገርሁት። ሁለት ቀን ዝም አለኝ። ልጅቷ ልትሄድ አንድ ሳምንት ሲቀራት ግን በቢሮዬ በር ብቅ ብሎ፥ ቃሉን እንዳሻሻለላት ነገረኝ፤ አንድ ክበብ ብቻ፥ እርሱም እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት። በሰዓቱ ላይ አሁንም እየተከራከርን ነው፤ አብዛኛው ክርክር የሚጀመረው ከራት በኋላ ነውና።