ዶሮ ሲጠበስ እስከ አጥንቱ ይብሰል



በዚህ ሙቀት የታረደ ዶሮ ቶሎ ይበላሻል። ስለዚህ ከቀፊራ ገበያ የገዛችሁት ዶሮ እንደ ታረደ ሳይውል ሳያድር ይብሰል። በሎሚና በጨው ስታጥቡት ውሃው ወደ ሰላጣው አይፈናጠቅ፤ እጃችሁን፣ ቢላዋውንና መክተፊያውንም በሳሙና እጠቡ።

ከዚያም ሥጋውን ደኅና አድርጋችሁ አጠንፍፉት፤ እርጥብ ከሆነ ዘይቱ ይንጣጣል እንጂ ሥጋው አይጠበስም። ብልቱን አሳንሱት፤ መጥበሻውን አታጨናንቁት። እሳቱ ሲበረታ ላዩ ያራል፤ ውስጡ ግን ጥሬ ይቀራል። ስለዚህ በመካከለኛ ፍም እያገላበጣችሁ ጥበሱት።

ወፍራሙን ጭን እስከ አጥንቱ ሰንጥቃችሁ እዩ። ደም ከታየበት ወደ እሳቱ ይመለስ። ጥሬ ዶሮ ሳልሞኔላ የሚባል ጀርም ሊኖርበት ይችላል፤ ሕፃናትንም በተቅማጥ ይጥላል። ደኅና የበሰለ ጥብስ ለአፍ ይጥማል፤ ለልጅም ጤና ነው እንላለን።